ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይታጠፍብኛል፤ የቡድን ሥልጠና ያዋጣኛል?

ጥያቄ፦ «52 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን ሥራዬ ሊሞ መንዳት ነው። ጎልፍ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ደንበኞቼን ሜዳ አድርሼ ስጠብቅ እያየሁ ነው። 18ቱን ጉድጓድ የምጨርሰው በ115 ምት አካባቢ ነው። በድራይቨር፣ በረጅሙ ዱላ፣ ስመታ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይታጠፍብኛል፤ ወደ ግራ ሳነጣጥር ደግሞ ይብስበታል። ጓደኞቼ ጭንቅላትህን ቀድመህ ታነሳለህ ይሉኛል። ዩቲዩብ ላይ ያላየሁት ነገር የለም። አንድ አሠልጣኝ ለብቻ ለማስተማር በሰዓት 120 ዶላር ይጠይቃል። ሌላው ስድስት ሰው ሰብስቦ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት በ210 ዶላር ‹ዘና ያለ የቡድን ሥልጠና› ይሰጣል። እኔ ግን ሰው ፊት መሳሳት ያሳፍረኛል። አንድ አስተማሪ ለስድስት ተካፍለን ምን ይደርሰኛል ብዬም ሠጋሁ። ከ100 በታች ለመግባት የቱ ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ ጭንቅላትዎን ለቀቅ ያድርጉት። ኳሱ ከዱላው ፊት፣ ማለትም ኳሱን ከሚመታው ገጽ፣ ጋር የሚቆየው የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፣ የዚያ ግማሽ ያህል ነው። እርስዎ ቀና ሲሉ ኳሱ ሄዷል። ስመ ጥሯ ጎልፈኛ አኒካ ሶረንስታም ዱላው ኳሱ ላይ ሲደርስ ፊቷ ወደ ዒላማው ዞሮ ነበር፤ በዚህ አመታት አሥር ታላላቅ ዋንጫዎችን ወስዳለች። ዴቪድ ዱቫልም እንዲሁ እየመታ ነው እ.ኤ.አ. በ2001 የብሪታንያውን ኦፕን ያሸነፈው። ጓደኞችዎ «ጭንቅላት» የሚሉት ከሩቅ የሚታያቸው እሱ ስለሆነ ነው። ኳሱን አናቱን ብቻ ሲመቱት ብዙ ጊዜ የሚሆነው መላ ሰውነት ከወገብ ቀና ማለቱ ወይም ክንድ መሰብሰቡ ነው፤ ጭንቅላት ተከትሎ ይነሳል እንጂ አይመራም። አገጩን ደረቱ ላይ ቸንክሮ የሚመታ ሰው ትከሻው አይዞርለትም፣ ሌላ ችግር ይጨምራል።

አሁን ወደ ቀኝ ስለሚታጠፈው ኳስ፣ ማለትም ስለ ስላይስ። የጽሑፍዎ ቁልፍ ያለው «ወደ ግራ ሳነጣጥር ይብስበታል» በምትለው ሐረግ ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመታት አሠልጣኞች ራሳቸው፣ ኳሱ ዱላው በተጓዘበት አቅጣጫ ይነሳል፣ ከዚያ የዱላው ፊት ወዳየበት ይታጠፋል ብለው ያስተምሩ ነበር። ትራክማንን የመሰሉ፣ የዱላውንና የኳሱን ጉዞ የሚለኩ ራዳሮች ሲመጡ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ነው፤ በድራይቨር 85 በመቶ ያህል። መታጠፉን የሚያመጣው ደግሞ ፊቱ በሚያይበትና ዱላው በሚጓዝበት መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በቀኝ እጅ ይመታሉ ብዬ ልገምትና በቁጥር ላሳይዎ። ዱላዎ ከዒላማው 6 ዲግሪ ወደ ግራ እየተጓዘ፣ ፊቱ 2 ዲግሪ ወደ ግራ ቢያይ፣ ፊቱ ለመንገዱ 4 ዲግሪ ክፍት ነው። ኳሱ ትንሽ ወደ ግራ ይነሳና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እርስዎ ተናደው እግርና ትከሻዎን ይበልጥ ወደ ግራ ሲያዞሩ መንገዱ 10 ይሆናል። ልብዎ ግን ኳሱ ወደ ሜዳው መሐል እንዲሄድ ስለሚፈልግ እጅዎ ፊቱን እዚያው 2 ላይ ይተወዋል። ልዩነቱ ከ4 ወደ 8 አደገ። ስህተቱን በእጥፍ የገዙት በመፍትሔ ስም ነው ማለት ነው።

የሚስተካከለውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ፊቱ፣ ቀጥሎ መንገዱ። ፊቱን የሚቆጣጠረው አያያዝ ነው። አሁን ግራ እጅዎን ሲይዙ ቁልቁል ቢያዩት አንድ የጣት አንጓ ብቻ ወይም ምንም ሳይታይዎ አይቀርም። ሁለት፣ ሁለት ተኩል አንጓ እስኪታይ እጅዎን ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ቀኝ እጅዎም ተከትሎ ትንሽ ወደ ሥር ይግባ። ሁለት ሳምንት ያህል የሰው እጅ ይመስልዎታል። ኳሱም ድንገት ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው የሚመለሰው እዚህች ቦታ ላይ ነው፣ «ይሄስ ጭራሽ አበላሸኝ» ብሎ። ወደ ግራ የሄደው ኳስ ግን ፊቱ መዘጋቱን የሚነግርዎ የምሥራች ነው፤ መንገዱን ማቃናት ትርጉም የሚኖረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሥራ ቡድን ውስጥ ለመሥራት አይሞክሩ። ሥጋትዎ በዚህች ነጥብ ላይ ትክክል ነው። ከአንድ ሰዓት ላይ ለማሟሟቂያና ለማብራሪያ አሥር ደቂቃ ብናነሳ 50 ይቀራል፤ ለስድስት ሲካፈል ለሰው ስምንት ደቂቃ ነው። በስምንት ደቂቃ አያያዝ ቀይሮ፣ ሰውየው ሲሸሽ መልሶ፣ በቪዲዮ አሳይቶ ማሳመን አይቻልም። ስለዚህ አንዷን የ120 ዶላር ሰዓት ይክፈሉ። ግን ለአያያዝና ለአቋቋም ብቻ ይሁን። «ሁሉንም እይልኝ» ካሉ ሰባት ነገር ይዘው ይወጣሉ፣ ሰባቱም ማክሰኞ ይጠፋሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ቡድኑ የድሃ አማራጭ አይደለም። ሰው ሁሉ የግል ትምህርትን የላይኛው ደረጃ፣ የቡድኑን ደግሞ ያልቻለ የሚገባበት አድርጎ ያያል። እኔ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች የማየው ተቃራኒውን ነው። በግል ሰዓት አሠልጣኙ ከጀርባ ቆሞ፣ በዚያው 7 ቁጥር አይረን (የብረት ዱላ)፣ ከዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ወደዚያው ባንዲራ ሠላሳ ኳስ ይመታሉ። አሥረኛው ላይ ያምርልዎታል። እሑድ ሜዳ ላይ ግን የለም። የጠፋብዎ ስለረሱት አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ስላልተማሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪዎቹ ጆን ሺ እና ሮቢን ሞርጋን ሰዎችን ትንንሽ የእንጨት መሰናክሎችን በተለያየ ቅደም ተከተል በእጅ የመጣል ሥራ አለማመዱ። አንዱን ዓይነት ጨርሶ ወደ ቀጣዩ የሄደው ቡድን በልምምዱ ላይ ፈጣን ነበር። ዓይነቱ እየተቀላቀለበት የተቸገረው ቡድን ግን ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተን በለጠ። ጎልፍ ሜዳ ላይ አንድን ምት ሁለት ጊዜ በተከታታይ የሚመታ የለም። ቡድን ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ፣ ቦታ ይቀያየራሉ፣ ከፓተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ከሚያንከባልሉበት ዱላ) ወደ ቺፕ (ከቅርብ ወደሚመታ አጭር ምት)፣ ከቺፕ ወደ አይረን ይዘላሉ። ገንዘብዎ የባከነ የመሰለዎት ያ መጠባበቅ ነው ትምህርቱን የሚያጸናው።

የሚጠብቁባት ደቂቃም ባዶ አይደለችም። እስክስታ በሰዓት ከፍሎ የተማረ ሰው ጥቂት ነው። ሠርግ ቤት ክቡ ውስጥ ገብተን፣ የአክስትን ትከሻ አይተን፣ ገና ያልቻለውንም የአጎት ልጅ አይተን ነው የቻልነው። ያልቻለውን ማየት የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ዓይን ስህተቱን ከነመንስኤው ያያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪው ቻርለስ ሺ እና ጓደኞቹ ተወዛዋዥ የሚዛን ሰሌዳ ላይ ሰዎችን ሲያሠለጥኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እየተፈራረቁ አንዱ ሌላውን እያየ የተለማመዱት፣ ብቻቸውን ከተለማመዱት የተሻለ ይዘው ቀሩ። ክፍት ፊት ምን እንደሚመስል ከራስዎ ስዊንግ (የዱላ አወናጨፍ) ይልቅ ከጎንዎ ካለችው ሴትዮ ዱላ ላይ ቀድመው ያዩታል። በዚሁ በዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1937 13 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ዌክ-ሮቢን የተባለውን የጎልፍ ክለብ ሲያቋቁሙ፣ ቀለማቸው አብዛኛውን ሜዳ ዘግቶባቸው ነበር፤ የላንግስተን ጎልፍ ሜዳ እንኳ የተከፈተው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1939 ነው። እነሱ ቡድን የሆኑት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። ዕድሉ ላለን ለእኛ ግን ቡድን ማነስ የሚመስለን ነገር ይገርመኛል።

ስለ ዩቲዩቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፍዎን ሳነብ ኳሱ ላይ ሲቆሙ አርባ ትእዛዝ በጭንቅላትዎ እንደሚያልፍ ይታየኛል። ተመራማሪው ሪች ማስተርስ እ.ኤ.አ. በ1992 ያደረገው ሙከራ ፐቲንግ ላይ፣ ማለትም ኳስን ወደ ጉድጓድ በማንከባለል ላይ ነበር። አንዱን ቡድን ዝርዝር መመሪያ ሰጥቶ አስተማረ። ሌላውን ደግሞ እየመታ ፊደል በዘፈቀደ እንዲጠራ አደረገ፣ ሕግ የሚያወጣበት አእምሮ እንዳይተርፈው። በመጨረሻ ገንዘብና ተመልካች ተጨምሮ ጫና ሲመጣ፣ ሕግ ያልተሸከመው ቡድን መሻሻሉን ቀጠለ፣ በመመሪያ የተማረው ግን ቆመ። ተመራማሪዋ ጋብሪኤለ ቩልፍ እና ባልደረቦቿም እ.ኤ.አ. በ1999 ጀማሪዎችን አጭር ምት ሲያስተምሩ፣ ክንዳችሁን አስቡ የተባሉት የዱላውን እንቅስቃሴ አስቡ ከተባሉት ያነሰ ዒላማ መቱ። ስለዚህ በስድስቱ ሳምንት ቪዲዮ አይዩ። አሠልጣኙም በአንድ ቅዳሜ ለአንድ ሰው ከአንድ ነገር በላይ የሚናገር ከሆነ፣ ሌላ ይፈልጉ። ጥሩ የቡድን አሠልጣኝ ዝምታ ያበዛል፤ ስምንት ደቂቃውም ለዚህ ይጠቅመዋል፣ እንዳያወራ ያስገድደዋል።

ወደ ዕፍረቱ ልምጣ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ፣ ቀጣዮቹ አራት ሰዎች ከኋላ ቆመው እያዩዎት ሲመቱ የሚመጣው የእጅ መድረቅ፣ ብቻዎን በመለማመድ አይለቅም። የሚለቀው ዝቅተኛ ዋጋ ባለው ቦታ፣ በመጠኑ፣ ደጋግሞ እየታዩ በመሳሳት ነው። ሌሎቹ አምስቱም እንደ እርስዎ ናቸው፤ ስለ እርስዎ ኳስ የሚጨነቁት የራሳቸው ተራ እስኪደርስ ነው። ሚዛን ቢያስፈልግዎ ደግሞ፣ የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካ የባለሙያ ጎልፈኞች ውድድር) ተጫዋቾች ከ8 ጫማ ርቀት የሚያስገቡት ፐት ግማሹን ያህል ብቻ ነው። እርስዎ ከዚያ ርቀት ሲስቱ የሚያፍሩት በምን ሂሳብ ነው? ገና ጨዋታ ላይ ሩሩን ስተው ዱላው የጎረቤት ቅልጥም ላይ ያረፈበት ሰው ካገር ቤት አይጠፋም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ታልፏል። የቅዳሜውን ሰዓት በዚያ መንፈስ ይግቡበት።

ነገር ግን «ዘና ያለ» የሚለው ቃል ብዙ ቦታ አላግባብ ይሸጣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬ፣ በመሐል ባልዲ ኳስ መጨረስ፣ ከዚያ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርታ» መባል ሥልጠና አይደለም። ዘና ማለት የሚፈለገው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው እጅ ላይ ነው፤ ዱላውን አንቆ የያዘ ሰው የእጅ አንጓው አይዞርም፣ ፊቱም ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ማለትም የእርስዎ ስላይስ። ሁለተኛው ውጤት ላይ ነው፤ ስህተት ዋጋ እንዳያስከፍል። ሥራው ግን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቅዳሜ የሚለካ ጨዋታ ይኑረው። ለምሳሌ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ዳር አሥር ቺፕ፣ ስንቱ ከባንዲራው አንድ የዱላ ርዝመት ውስጥ ቀረ? ይጻፍ። በስድስተኛው ሳምንት ይደገም። ቁጥር የማይጽፍ አሠልጣኝ ተማሪው መሻሻሉን በምን ያውቃል?

115ን ወደ 100 ስለማውረድ፣ መጀመሪያ ስሌቱን ይረዱት። በፓር 72 ሜዳ፣ ማለትም 18ቱ ጉድጓድ በ72 ምት እንዲያልቅ በተመደበበት፣ ዘጠኝ ጉድጓድ በቦጊ (ከፓሩ አንድ ምት በላይ)፣ ዘጠኙን በደብል ቦጊ (ሁለት ምት በላይ) ቢጨርሱ 99 ነው። አንድም ፓር አያስፈልግዎትም። ከእርስዎ የሚጠበቀው ጉድጓዶቹን 8 እና 9 ምት አለማድረግ ነው። በክለብ ቤቶች «ድራይቭ ለታይታ፣ ፐት ለገንዘብ» የሚል አባባል ይዞራል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምቶችን መዝኖ ያሳየው ግን፣ በጥሩና በደካማ ተጫዋች መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከ100 ያርድ በላይ ከሆኑ ምቶች መሆኑን ነው። ለዚህ ነው አያያዙን አስቀድመን ያልነው። ዱር ውስጥ የገባ ድራይቭ ከነቅጣቱ ሁለት ምት ይበላል። በቡድኑ ውስጥ ቺፕና ፐት የሚበዛው ደግሞ ለአሠልጣኙ ስለሚቀለውና ለስድስት ሰው ቦታ ስለሚበቃ ነው፤ ይጠቅምዎታል፣ ግን ብቻውን 15 ምት ያወርዳል የሚል ካለ አይመኑት። ከሥልጠናው በፊት ሦስት ዙር ተጫውተው ካርዱ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይቁጠሩ፤ የቅጣት ምት፣ ግሪን ዳር የተበላሸ ቺፕ፣ ሦስት ፐት። የትኛው እንደሚያደማዎ ያኔ በግምት ሳይሆን በቁጥር ያውቁታል።

ጥንቃቄ የምለው ሁለት ሦስት አለ። ሥራዎ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። የተቀመጠ ሰው ዳሌው ይደርቃል፤ ዳሌ ያልዞረለት ጎልፈኛ ወገቡን ይጠመዝዛል፣ የአማተር ጎልፈኞች ዋና ጉዳት ደግሞ ታችኛው ጀርባ ላይ ነው። ከመኪና ወርደው በቀጥታ ድራይቨር አያንሱ። አሥር ደቂቃ ይራመዱ፣ ዳሌዎን ያዙሩ፣ በአጭር ዱላ ይጀምሩ። ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ወይም መደንዘዝ ካለ መጀመሪያ ሐኪም እንጂ አሠልጣኝ አይደለም የሚያይዎ። በቡድን ሲሆን ደግሞ የሚያስፈራኝ ኳሱ ሳይሆን ዱላው ነው፤ የተማሪዎች መስመር ተጠብቆ፣ ከሚመታው ሰው ፊትም ሆነ ከጀርባው ዱላው በሚደርስበት ማንም እንዳይቆም። አሠልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ይህን ካልተናገረ ትተው ቢወጡ አልፈርድብዎትም። ሦስተኛው ጥንቃቄ የሚመለከተው ከጎንዎ የሚለማመደውን ሰው ነው። እሱ 108 ስለሚመታ እርስዎን የሚያርም ይመስለዋል። በፈገግታ ያመስግኑትና ምንም አይቀይሩ። እስከዚያው አዲስ ድራይቨርም አይግዙ፤ የድሮው ዱላ ጥፋት እስካሁን አልተረጋገጠበትም።

ከመመዝገብዎ በፊት አሠልጣኙን የሚጠይቁት፤ ስድስቱ ሰዎች ተቀራራቢ ደረጃ ላይ ናቸው ወይስ አንዱ ዱላ ይዞ የማያውቅ፣ ሌላው 85 የሚመታ? ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ቅዳሜ እውነተኛ ሜዳ ላይ ነው? ዝናብ ከሆነ ይተካል? የፒጂኤ (የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር) ማረጋገጫ አለው? በሜዳ ላይ የሚደረግ ክፍል ከሌለው ዋጋውን እንዲቀንስ ይንገሩት ወይም ሌላ ይፈልጉ፤ እኔ ያለዚያ አልመዘገብም ነበር። ስምንትና ከዚያ በላይ ሰው ከሆነም ይለፉት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ የግል ሰዓት ለአያያዝ፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት በሳምንት ሦስት ቀን ለሃያ ሃያ ደቂቃ በ7 ቁጥር አይረንና በግማሽ ስዊንግ ብቻ፣ ከዚያ ቡድኑ። በድምሩ 330 ዶላር ነው። በዚያው ገንዘብ ሦስት የግል ሰዓት እንኳ አይሞላም። በእነዚህ ሳምንታት ድራይቨሩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ሜዳ ሲወጡ ከድራይቨር አጠር ባሉት ዱላዎች፣ በ5 ቁጥር ዉድ ወይም በሃይብሪድ ይጀምሩ፣ ሠላሳ ያርድ ያጣሉ፣ ኳሱን ግን ያገኙታል። ሰፈርዎ ውስጥ ያለው የስላይጎ ክሪክ ጎልፍ ሜዳ ባለ 9 ጉድጓድ ስለሆነ ከሥራ መልስ ለመሞከር ይመችዎታል። በስድስት ሳምንት ከ100 በታች ይገባሉ ብዬ አልፈርምልዎትም፤ እንደ እኔ ግምት ሙሉ አንድ ወቅት ይፈልጋል። ቀድሞ የሚታይዎ ለውጥ በካርዱ ጀርባ ያለው የቅጣት ቁጥር መቀነሱ ነው፣ ጠቅላላው ውጤት ዘግይቶ ይከተላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ፣ ከመጀመርዎ በፊት፣ የቡድኑን አሠልጣኝ ለብቻ ጠርተው «አያያዜን በቅርቡ ቀይሬያለሁ፣ ለስድስት ሳምንት እንዳትነካብኝ» ይበሉት። ሁለት አሠልጣኝ በአንድ እጅ ላይ ሲሠሩ ያየሁት ውጤት አያምርም። ስድስተኛው ቅዳሜ ሲያልቅ ደግሞ ከአምስቱ ሦስቱን ስልካቸውን ይቀበሉና ለሚቀጥለው እሑድ ጠዋት የአራት ሰው ቦታ ይያዙ።